የኑክሌር ቅነሳ ስምምነት ወረቀት ብቻ ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ የአማርኛ ጽሑፍ የኑክሌር ቅነሳ ድርድርን በጅምላ ኮንኖታል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ማንም አገር የሌላውን መሣሪያ ቆጥሮ ማረጋገጥ አይችልም፤ ተወገደ የሚባለውም ያረጀ ብረት እንጂ ፈንጂው አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ቦምቧን አጠፋች መባሉ በራሷ ቃል ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ ዩክሬን ባታስረክብ ኖሮ አትወረርም ነበር፤ ሙከራን የሚከለክለው ውል በድብቅ ለሚሞክር አገር እንቅፋት አይሆንም፤ እኛ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ጉዳይ ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ ኖሮን አያውቅም። ከእነዚህ ውስጥ በከፊል እውነት ያለባቸው አሉ፤ ፈጽሞ ውኃ የማያነሱም አሉ። በተራ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቆጠራው

ጸሐፊው ቆጠራ ሲሉ አንዱ ባለሥልጣን ቁጥር አንብቦ ሌላው አሜን የሚልበት ሥነ ሥርዓት የመሰላቸው ይመስላል። አሜሪካና ሩሲያ በ2010 ፕራግ ላይ የፈረሙት ኒው ስታርት እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ይበቃል። ውሉ ለእያንዳንዱ ወገን 1,550 የተሰማሩ አረሮች (በሚሳኤል ጫፍ የሚጫኑት ፈንጂዎች ማለት ነው) እና 700 የተሰማሩ ሚሳኤሎችና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ብቻ ይፈቅድ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ዝርዝር መረጃ ይለዋወጡ ነበር። እያንዳንዱ ሚሳኤል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዘዋወር፣ ሲወገድ ማሳወቂያ ይላካል። በውሉ ዘመን ከ25,000 በላይ ማሳወቂያዎች ተላልፈዋል።

በዚህ ላይ በዓመት እስከ 18 የመስክ ፍተሻ ይደረግ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ከመድረሳቸው ቢያንስ 32 ሰዓት በፊት እንደሚመጡ ብቻ ያሳውቃሉ፤ የት እንደሚሄዱ ግን ትንፍሽ አይሉም። አገር ከገቡ በኋላ በአራት ሰዓት ውስጥ የሚፈትሹትን ጣቢያ ይሰይማሉ፤ ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ሰዓት ውስጥ በጣቢያው ላይ የእንቅስቃሴ እገዳ ይጣላል። ጣቢያው ሲደርሱ አስተናጋጁ በእያንዳንዱ ሚሳኤል ላይ ስንት አረር እንዳለ ይነግራቸዋል። ከዚያ እነሱ ራሳቸው አንዱን ይመርጣሉ። የሚሳኤሉ አፍንጫ ይከፈታል፤ የአረሮቹ ቅርጽ ምስጢር ስለሆነ ሽፋን ይደረግባቸዋል፤ ተቆጣጣሪው ከሽፋኑ ሥር ያሉትን ጉብታዎች ይቆጥራል። አስተናጋጁ «ይህኛው ኑክሌር አይደለም» ካለ የኒውትሮን መለኪያ ይቀርብና ይለካል። ሦስት አረር አለበት የተባለ ሚሳኤል አራት ጉብታ ካሳየ ውሸቱ እዚያው ተያዘ። ሊያጭበረብር የሚፈልግ ወገን የትኛው ጣቢያ፣ የትኛው ሚሳኤል እንደሚመረጥ አስቀድሞ ስለማያውቅ ወይ ሁሉንም ማስተካከል አለበት ወይ መያዝን መቀበል አለበት።

እንዲህ ያለ ፍተሻ 328 ጊዜ ተካሂዷል። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ቆመ፤ ሳይቀጥል በፌብሩዋሪ 2023 ሩሲያ በውሉ ያላትን ተሳትፎ ማገዷን አስታወቀች። ውሉ የሚራዘመው አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበርና ያም በ2021 ስለተደረገ የዘመኑ ማብቂያ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ሆነ። እዚህ ላይ የወደቀው የቆጠራው ዘዴ አይደለም። ቆጣሪው አቃተው ማለትና ቆጣሪው ደጅ ተዘጋበት ማለት ይለያያል።

ጸሐፊው ውሉን ለመተቸት ከፈለጉ እውነተኛ ቀዳዳ ነበረላቸው፤ አላዩትም። በኒው ስታርት አቆጣጠር አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ የቱንም ያህል ቦምብና ክሩዝ ሚሳኤል መሸከም ቢችል፣ እንደ አንድ አረር ይቆጠራል። ስለዚህ 1,550 የሚለው ቁጥር እውነተኛውን ብዛት በትክክል አያሳይም። ይህ ግን ሁለቱም አውቀው የተስማሙበት የሒሳብ ደንብ እንጂ ማታለል አይደለም።

በ1987 የተፈረመው የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎች ውል (አይ ኤን ኤፍ) ደግሞ ስለ ቆጠራ የበለጠ ያስተምራል። ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፉ የምድር ሚሳኤሎች በሙሉ እንዲወገዱ ተወሰነ፤ በሦስት ዓመት ውስጥም 2,692 ሚሳኤሎች፣ 1,846 የሶቭየት፣ 846 የአሜሪካ፣ ተቃጠሉ፣ ተቆረጡ፣ ፈነዱ። ችግሩ የመጣው ቮትኪንስክ ካለው የሶቭየት ሚሳኤል ፋብሪካ ነው። የተከለከለው የኤስ ኤስ 20 ሚሳኤል የመጀመሪያ ክፍልና የተፈቀደው የኤስ ኤስ 25 የመጀመሪያ ክፍል ተቀራራቢ ነበሩ፤ ሁለቱም በታሸገ በርሜል ውስጥ ሆነው ነው የሚወጡት። መፍትሔው የፋብሪካውን በር መጠበቅ ሆነ። እስከ 30 የሚደርሱ አሜሪካውያን ተቆጣጣሪዎች ቮትኪንስክ በር ላይ ተተከሉ፤ የሶቭየቶቹ ደግሞ አሜሪካ ዩታ ግዛት ማግና ባለው ፋብሪካ በር ላይ። የሚወጣው በርሜል ይለካል፣ ይመዘናል፤ ለበርሜሎቹም ትልቅ የኤክስሬይ ማሽን ተተከለ። በማርች 1990 ማሽኑ በሚያሳየው ምስል ላይ ክርክር ተነሳና ሦስት ሚሳኤሎች ሳይታዩ ከበሩ ወጡ፤ ዋሽንግተን ጮኸች፤ በኋላ በድርድር ተፈታ። ፍተሻው በውሉ መሠረት በሜይ 2001 ካበቃ በኋላ ግን 9ኤም729 በተባለው የሩሲያ ሚሳኤል ላይ አሜሪካ ክስ ስታቀርብ ሄዶ የሚያይ ሰው አልነበረም። አንዱ ከሰሰ፣ ሌላው ካደ፤ በኦገስት 2019 ውሉ ፈረሰ። ጸሐፊው የውሉን መፍረስ ቆጠራ እንደማይሠራ ማስረጃ አድርገው ጠቅሰውታል። ክሱ የተነሳው ግን ቆጣሪዎቹ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለ አረሩ

ሁለተኛው ክርክር በከፊል ትክክል ነው። በአይ ኤን ኤፍ ውል ሚሳኤሉ ከመውደሙ በፊት ባለቤቱ ፈንጂውንና የመሪ መሣሪያውን ነቅሎ እንዲወስድ ይፈቀድለት ነበር። እስካሁንም አንዱ ወገን የሌላውን አረር ሲፈታ ቆሞ እንዲያይ የሚያስገድድ ውል ሥራ ላይ አልዋለም። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ፈንጂው አይነካም ወደሚለው መደምደሚያ ዘለሉ፤ እዚህ ላይ ነው ስህተቱ።

በ1993 አሜሪካና ሩሲያ 500 ቶን ከሩሲያ አረሮች የወጣ፣ 90 በመቶ የበለጸገ (ለፍንዳታ የሚሆነው ዓይነት ድርሻ 90 በመቶ የደረሰበት) ዩራኒየም ወደ ኃይል ማመንጫ ነዳጅ እንዲለወጥ ተስማሙ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። የዩራኒየሙ ብረት ተፍቆ ይቃጠልና ዱቄት ይሆናል፤ ይጣራል፤ ከፍሎሪን ጋር ተዋሕዶ ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ በአንድ ቧንቧ፣ 1.5 በመቶ ብቻ የበለጸገ ሌላ ጋዝ በሁለተኛ ቧንቧ መጥተው ይገናኛሉ፤ በሦስተኛው ቧንቧ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሆነ የነዳጅ ጋዝ ይወጣል። ለምን በተፈጥሮ ዩራኒየም አልተቀላቀለም? በቦምቡ ዩራኒየም ውስጥ ዩራኒየም 234 የተባለው ዓይነት በብዛት ስላለና የነዳጅ ደረጃው ያንን ስለማይፈቅድ ነው፤ ለማቅጠኛ ተብሎ ለብቻው የተዘጋጀው ጋዝ ያንን ድርሻ ዝቅ ያደርገዋል። አሜሪካውያኑ በሦስቱም ቧንቧዎች ላይ የጋዙን ፍሰትና የብልጽግና መጠን ሳያቋርጥ የሚለካ መሣሪያ ተከሉ።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1998 በክፍያ ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶ ጭነቱ ተቋርጧል፤ የተፈታው በ1999 በተደረገ ሌላ ስምምነት ነው። የመጨረሻው ጭነት አሜሪካ የገባው በዲሴምበር 2013 ነው። በጠቅላላው ወደ 20,000 አረሮች የሚሆን ዩራኒየም አምፖል አበራ፤ ለዓመታት ከአሜሪካ ኤሌክትሪክ አንድ አሥረኛ ያህሉ ከዚሁ የመጣ ነበር። በ1986 ገደማ በዓለም ላይ 70,000 የደረሰው የአረር ብዛት ዛሬ ወደ 12,000 ገደማ ወርዷል። የተቀነሰው ሁሉ ያረጀ ብረት ነው ማለት እነዚህን ቁጥሮች አለማየት ነው።

እውነተኛው ያልተፈታ ችግር ሌላ ነው። አረር በሣጥን ውስጥ ሆኖ ሲቀርብ በእርግጥ አረር መሆኑን እንዴት ታውቃለህ? ፕሉቶኒየም የሚያወጣው ጋማ ጨረር ማንነቱን ይናገራል፤ ግን ከማንነቱ ጋር የቦምቡን ንድፍም ይናገራል፤ ያንን ደግሞ ኑክሌር ለሌለው አገር ተቆጣጣሪ ማሳየት ራሱ በውል የተከለከለ ነው። ስለዚህ ንባቡን ደብቆ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚል መሣሪያ አስፈለገ። ብሪታንያና ኖርዌይ ከ2007 ጀምሮ አብረው ሞክረውታል፤ በ2009 በኖርዌይ ባደረጉት ልምምድ በፕሉቶኒየም ፈንታ ኮባልት 60 ተጠቀሙ። ቀሪው ጣጣ መተማመን ነው፦ አስተናጋጁ መሣሪያው ምስጢር ያፈስብኛል ይላል፤ ተቆጣጣሪው መሣሪያውን አስተናጋጁ ነካክቶታል ይላል። ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ተመሳሳይ መሣሪያዎችን በርከት አድርጎ ሠርቶ ተቆጣጣሪው በዕጣ አንዱን ለልኬት፣ ሌላውን ወስዶ ፈትቶ እንዲመረምር ማድረግ ነው። ጸሐፊው የማረጋገጥን አቅም መጠየቅ ከፈለጉ ጥያቄው እዚህ ነው ያለው።

ስለ ደቡብ አፍሪካ

ፕሪቶሪያ ስድስት ቦምቦች ሠርታ ነበር፤ ሰባተኛው በሥራ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ወደ 55 ኪሎ ግራም የሚጠጋ እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም ይዞ በሁለት ክፍል ተለያይቶ በየካዝናው ይቀመጥ ነበር። ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ በ1989 ሥልጣን ከያዙ በኋላ እንዲወገዱ አዘዙ፤ ማበልጸጊያው ፋብሪካ በፌብሩዋሪ 1990 ተዘጋ፤ ቦምቦቹ ተፈቱ፤ ዩራኒየሙ ቀልጦ ለአቶሚክ ኮርፖሬሽኑ ተመለሰ። አገሪቱ በጁላይ 1991 የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት (ኤን ፒ ቲ) ተቀበለች። ቦምብ እንደነበራት ግን ዴ ክለርክ ለዓለም የተናገሩት በማርች 24 ቀን 1993 ነው።

እንግዲህ ቦምቦቹ ሲፈቱ ከውጭ ያየ የለም፤ የንድፍ ሰነዶቹም ወድመዋል። ጸሐፊው በራሷ ቃል ላይ የቆመ ነው ያሉት ይህን ይዘው ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ግን ቃል አልሰማም፤ የዩራኒየም ሒሳብ ነው የሠራው። ወደ ፋብሪካው የገባው የተፈጥሮ ዩራኒየም ስንት ነው? የወጣው ብልጹግ ስንት ነው? በዝቃጩ ውስጥ የቀረው ስንት ነው? ሦስቱ ካልገጠሙ የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል። በመጀመሪያ አልገጠሙም ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ የፋብሪካውን የዕለት መዝገቦች አንድ በአንድ አገላበጡ። ለምሳሌ ፋብሪካው በ1979 በኬሚካል ብልሽት ቆሞ እስከ 1981 እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም አላወጣም፤ ይህ ጊዜ ከሒሳቡ ካልወጣ ያመረተው ከእውነቱ በላይ ይመስላል። የዝቃጩ ይዘት እንደገና ሲታሰብ ሒሳቡ ተቀራረበ። በካላሃሪ በረሃ ቫስትራፕ ላይ ለሙከራ የተቆፈሩት ሁለት ጉድጓዶችም በ1993 ተቆጣጣሪዎች ባሉበት ተደፈኑ። በዚያው ዓመት ኤጀንሲው የቀረበው የዩራኒየም ዝርዝር ያልተሟላ መሆኑን የሚያመለክት ነገር እንዳላገኘ ሪፖርት አደረገ። መንግሥቱ ተቆጣጣሪዎቹ በማንኛውም ጊዜ ምክንያታዊ ወደሆነ ማንኛውም ቦታ እንዲገቡ መፍቀዱ ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው፦ ታዛቢ ጥራ፣ ከዚያ ፍታ፣ ወረቀቱንም አታጥፋ። ደቡብ አፍሪካ ተገላቢጦሹን አድርጋ ሁለት ዓመት የፈጀ ምርመራ ተከተላት።

ስለ ዩክሬን

በ1991 በዩክሬን ምድር 176 አህጉር አቋራጭ ሚሳኤሎች ነበሩ፤ ከቦምብ ጣዮቹ ጋር ወደ 1,900 ገደማ ስትራቴጂካዊ አረሮች። ጸሐፊው ይህን «የዩክሬን ቦምብ» ይሉታል። የማስወንጨፊያው ትእዛዝና ኮድ ግን ሞስኮ ነበር። አረሮቹ የተሠሩትና የሚታደሱት ሩሲያ ውስጥ ነው፤ አረር ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ትሪቲየም በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ መሞላት አለበት። ከሚሳኤሎቹ 130 ዎቹ (ኤስ ኤስ 19) የሩሲያ ምርት ናቸው። ኪየቭ ይህን ሁሉ ራሷ ለመሥራት አዲስ ኢንዱስትሪ መገንባት ነበረባት፤ ያኔ ለነዳጅ መክፈያ እንኳ የሚቸግራት አገር ነበረች።

ዩክሬን አረሮቹን ስትተው ድንበሯ እንዲከበር ቃል ስለተገባበት የቡዳፔስቱ የ1994 ሰነድ ግን ጸሐፊው አልተሳሳቱም፤ ሩሲያ ድንበር ለማክበር የገባችውን ቃል በ2014ም በ2022ም ጥሳለች። ሰነዱን ሲያነቡ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይታያል። ወደ ጸጥታው ምክር ቤት እንሄዳለን የሚለው አንቀጽ የሚናገረው ኑክሌር ለተሳተፈበት ጥቃት ነው፤ ለሌላው ሁሉ እንመካከራለን ይላል። ቀን የለውም፣ መጠን የለውም፣ ጣሽ ምን እንደሚደርስበት አይናገርም፤ ምክር ቤት ቢኬድም ጣሹ ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን አለው። በጃንዋሪ 1994 ሞስኮ ላይ የተፈረመውን የሦስትዮሽ መግለጫ ከዚህ ጋር አስተያዩት። እሱ እንዲህ ይላል፦ ዩክሬን በአሥር ወር ውስጥ ቢያንስ 200 አረሮች ለሩሲያ ታስረክባለች፤ በዚያው አሥር ወር ሩሲያ 100 ቶን የኃይል ማመንጫ ነዳጅ ትሰጣለች፤ አሜሪካ 60 ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ትከፍላለች። ይህኛው ተፈጽሟል፤ የመጨረሻው አረር በ1996 ዩክሬንን ለቋል። በዚያው ዓመት በዚያው ጉዳይ ከተፈረሙት ሁለት ሰነዶች መጠንና ቀን ያለው ሠራ፤ የሌለው አልሠራም።

ስለ ድብቅ ሙከራ

ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው የ1996ቱ ውል (ሲ ቲ ቢ ቲ) ገና በሥራ ላይ አልዋለም፤ እንዲውል የግድ ካስፈለጉት 44 አገሮች አሜሪካን፣ ቻይናንና ሩሲያን ጨምሮ ዘጠኙ አላጸደቁትም፤ ሩሲያ እንዲያውም በ2023 ማጽደቋን ሰርዛለች። ሙከራን ለመያዝ የተዘረጋው የማዳመጫ መረብ ግን ይሠራል። የታቀደው 321 ጣቢያና 16 ላቦራቶሪ ነው፤ አብዛኛው ተተክሏል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ዐለት በስንጥቅ ላይ ይንሸራተታል፤ ፍንዳታ ግን ዐለቱን በሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይገፋል። ስለዚህ በፍንዳታ የመጀመሪያው ሞገድ ጠንካራ ነው፤ በምድር ገጽ የሚጓዘው ሞገድ ደካማ። የሁለቱ ንጽጽር ነው የሚለያቸው። ሰሜን ኮሪያ በኦክቶበር 2006 ያፈነዳችው ከአንድ ኪሎ ቶን (የ1,000 ቶን ፈንጂ ኃይል) በታች ነበር፤ ከ20 በላይ ጣቢያዎች መዘገቡት፤ ከቀናት በኋላም ከዐለቱ ስንጥቅ ያመለጠው የዜኖን ጋዝ ካናዳ ውስጥ የሎውናይፍ ላይ ተያዘ።

ማፈን አይቻልም ማለት አይደለም። አሜሪካ በ1964 ሚሲሲፒ ውስጥ በጨው ዐለት 5.3 ኪሎ ቶን አፈነዳች፤ በ1966 እዚያው በተፈጠረው ባዶ ዋሻ ውስጥ 0.38 ኪሎ ቶን ስታፈነዳ ምልክቱ ወደ 70 እጥፍ ገደማ ቀነሰ። ግን ዋሻውን ራሱ የከፈተው የመጀመሪያው ፍንዳታ ነው፤ በቁፋሮ የሚያዘጋጅ ደግሞ የቆፈረውን ክምር የት ያደርገዋል? ሳተላይት ይህን ያያል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ውሉ በሥራ ላይ ቢሆን እስከ 1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የመስክ ፍተሻ ከሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤቱ 51 አባላት በ30 ድምፅ ማዘዝ ይቻል ነበር። ዛሬ ያ መብት የለም።

ስለ እኛ

ከማዳመጫ መረቡ ረዳት ጣቢያዎች አንዱ አዲስ አበባ ጥግ ፉሪ ተራራ ላይ ነው። ይህን ጸሐፊው ባያውቁ አይፈረድባቸውም። ኢትዮጵያ ድርሻ ኖሯት አያውቅም ማለታቸው ግን ታሪክ መዝለል ነው። በኖቬምበር 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም ከድርጅቱ ቻርተር ጋር የሚጻረር ነው ያለበትን ውሳኔ 1653 ካቀረቡት አገሮች ዋናዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በ55 ድምፅ ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞ፣ በ26 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ነገሩ ለአህጉሩ ቅርብ ነበር፤ ፈረንሳይ አልጄሪያ ውስጥ ሬጋን በተባለ ቦታ የመጀመሪያዋን ቦምብ ያፈነዳችው በፌብሩዋሪ 1960 ነው፤ እስከ 1966 በአልጄሪያ ሰሃራ 17 ጊዜ ሞክራለች።

በ1962 ጄኔቫ ላይ የተቋቋመው የአሥራ ስምንቱ አገሮች ትጥቅ ቅነሳ ኮሚቴ ውስጥም ከስምንቱ ገለልተኞች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሌሎቹ አፍሪካውያን ናይጄሪያና ግብፅ ነበሩ። ኤን ፒ ቲ የተረቀቀው እዚያ ነው። ኃያላኑ የፈለጉት ሌሎች ቦምብ እንዳይሠሩ የሚል አጭር ውል ነበር። ስምንቱ ግን ባለቦምቦቹም ግዴታ ይግቡ አሉ፤ በ1965 ጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ 2028ን ሲያጸድቅ ኃላፊነቱ በሁለቱም ወገን የተመጣጠነ ይሁን የሚለው ሐሳባቸው ገባ። ዛሬ ባለቦምቦቹን በቅን ልቦና ተደራደሩ የሚላቸው አንቀጽ 6 የዚያ ግፊት ውጤት ነው። አንቀጹ ቀን አልያዘም፤ ስለዚህም እየተጎተተ ኖሯል፤ ያ ግን የኃያላኑ ምርጫ እንጂ የስምንቱ አይደለም።

የአፍሪካን ምድር ከኑክሌር ነፃ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ውልም አለ፤ በ1996 ካይሮ ላይ ተፈረመ፤ 28 አገሮች እስኪያጸድቁት 13 ዓመት ፈጀ፤ በ2009 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ አጽድቃዋለች።

የድርድርን ውድቀት ማሳየት ለፈለገ ሰው ከሁሉ የሚቀልለው ማስረጃ ደግሞ ኢትዮጵያ ዛሬም ወንበር ያላት የጄኔቫው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ነበር። 65 አባላት አሉት፤ ሁሉም ነገር በሙሉ ስምምነት ነው የሚወሰነው፤ የአጀንዳ ቅደም ተከተል እንኳ በአንድ አገር ተቃውሞ ይወድቃል። ሲ ቲ ቢ ቲን ከተደራደረበት ከ1996 ወዲህ አንድም ውል አላወጣም፤ በ2009 የሥራ ፕሮግራም ላይ ተስማምቶ የፓኪስታን ተቃውሞ ሥራ ሳያስጀምረው ቀረ። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፉም።